ታናሹ ከወንዝ ሲወጣ

ውድ አክስቴ፦

ይህን የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነገሩን ላነሳ ስል «እስኪ የአባትሽ ወገብ እንዴት ሆነ?» እያልሽ ወሬ አስለወጥሽኝ። የአባቴ ወገብ ደህና ነው። አሁን ወረቀት ላይ ነኝና ልታቋርጪኝ አትችይም፤ መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ደግሞ እንደ ልማድሽ ያልተጻፈ እንዳትጨምሪበት።

አዎ፣ ደርሼብሻለሁ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይኸው ጠራ።

ጡረታ ወጥተሽ ልጅሽ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ የእጅ ሥራ ክፍላችን ጭር ብሏል። ያው ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ያው የደንብ ልብስ ክምር አለ፣ ቁልፍ የሞላው ጣሳም አለ። ስፌት መኪናዎቹ ከግድግዳው ወዲያ ይንጫጫሉ፤ እኛ ከግድግዳው ወዲህ ቁልፍ እንተክላለን፣ ጫፍ እንዘመዝማለን፣ የተንጠለጠለ ክር እንለቅማለን። የአንቺን ድርሻ ቁልፍ ተካፍለን እየተከልንልሽ፣ አንቺ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠሽ ታነቢልን የነበረው በጣም ይናፍቀኛል። «ሬዲዮ» ብለው ስም ሲያወጡልሽ ስድብ መስሎሽ አንድ ሰሞን ተቀይመሽ ነበር። ለፍቅር እኮ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከገመድ ሠሪዎቹ ቤተሰብ ጋር ኖርን። አያትየው በአንዲት መዘውር ጀምሮት፣ ልጆቹ ፋብሪካ አድርገውት፣ የልጅ ልጆቹ ተጣልተውበት፣ የእነሱ ልጆች እስኪታረቁበት ድረስ፣ ሦስት ወፋፍራም ቅጽ! እኔ ከዚያ በፊት ቀጭን መጽሐፍ ነበር የምወደው። ሰው ይተዋወቃል፣ ይፋቀራል፣ ይለያያል፣ አለቀ። የቤተሰብ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ጡት ስትጠባ ያየኋት ሕፃን በሁለተኛው ምራቷን የምታስለቅስ አማት ሆና ስትመጣ፣ «አንቺማ ጥርስ ሳታወጪ ነው የማውቅሽ!» ብዬ ልቆጣት ያምረኛል። የአያትየው ግትርነት ልጁን ዘሎ በልጅ ልጁ ላይ ብቅ ሲል፣ ልጁ ከማን እንደወረሰው አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ደስታው እዚያ ላይ ነው። የራሴ ዘመድ ሲበዛ ይመረኛል፤ ይመጣል፣ ይቀየማል፣ አልጋ ይፈልጋል። እነዚህ ግን አርባ ሆነው መጡና አንድ ብርጭቆ እንኳ አላስጠቡኝም።

ፋብሪካው ለየትኛው የልጅ ልጅ ይገባል ተብሎ ኃላፊያችንና ያቺ «ጥድፊያ» የምንላት ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ የሰነበቱትን ታስታውሻለሽ? ጥድፊያን መቼም አትረሻትም፤ አንድ ምዕራፍ ሳያልቅ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያለች ነፍስሽን የምታወጣው። እሷ ናት እንግዲህ አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ወር መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደረገችው።

«እኔ በቃኝ! ከአንድ ጀምሮ ይደገምልን» አለች።

«ማን ያነባል?» አለች ኃላፊያችን።

«የወንድሟ ልጅ አለች አይደል? ደም ነው፤ ድምፁም አይጠፋትም።»

ኃላፊያችን ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ይሁን» አለች። «ሲነበብላችሁ ጃኬቱ ያልቃል፤ ዝም ስትሉ ታንቀላፋላችሁ።» ጋሼ ካውያ እንኳ፣ እኒያ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣቸው ልብስ ተኳሻችን፣ ካውያቸውን አቁመው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

የአንቺን መጻሕፍት «ለሰው አውሼ ቀረ» ስላልሽኝ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው መጽሐፍ ቤት ሦስቱንም ቅጽ ገዛሁ። ሳነብ እንዳልደነቃቀፍ ብዬ እሑድ እሑድ መስኮት ሥር እየተቀመጥኩ የሳምንቱን ክፍል አስቀድሜ አየዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ሄደ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው እሑድ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ደረስኩ።

ታናሹ ሞተ።

የኛ ታናሹ! የገመድ ሠሪው የመጨረሻ ልጅ፣ እናቱ ስትቆጣው እያፏጨ በመስኮት የሚወጣው፣ ጠረጴዛው በሙሉ የሚሳሳለት ታናሹ! የታላቅ ወንድሙን ሚስት ምጥ ይዟት፣ አዋላጅ ሊጠራ ወንዙን ሲሻገር ታንኳዋ ተገለበጠች። እዚህ ድረስ ልክ አንቺ እንዳነበብሽልን ነው። ከዚያ በኋላ ግን የአንቺ ሌላ፣ የመጽሐፉ ሌላ። አንቺ የዛፍ ሥር አስይዘሽ፣ አንድ እግር ጫማውን ውሃ ወስዶበት፣ እያስነጠሰ ነው ያወጣሽው። ጫማ ፍለጋ ጫማ ሰፊው ቤት ገባ፤ የጫማ ሰፊው ልጅ ሳቀችበት፤ እሱም በሳቋ ተይዞ ቀረ። መጽሐፉ «በሦስተኛው ቀን አስከሬኑን አገኙት» ይላል። ክው አልኩ። ገጹን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ፊት እየገለጥኩ የጫማ ሰፊውን ልጅ ፈለግኳት፤ የለችም። ሠርጉም የለም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሦስቱን ቅጽ ተሸክሜ ሄጄ መጽሐፍ ሻጩ ፊት ዘረገፍኳቸው።

«ይህ መጽሐፍ ጎዶሎ ነው» አልኩት። «ገጾች ወድቀውበታል።»

አገላብጦ አየው። «ሙሉ ነው እህቴ። ምኑ ጎደለ?»

«የታናሹ ሠርግ!»

«የትኛው ታናሽ?»

«የገመድ ሠሪው ልጅ ነዋ! የጫማ ሰፊውን ልጅ ያገባው።»

በአዘኔታ አየኝ። «እህቴ፣ እሱ እኮ ወንዝ ውስጥ ሞቷል።»

«ሞቷል? በሦስተኛው ቅጽ ከወንድሙ ጋር በጭስ ማውጫ የተጣላው ታዲያ ማነው? መንታ የልጅ ልጆች ያየውስ?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ሴትዮ፣ «መንታ የልጅ ልጆች? እስኪ ለእኔም ከዚያኛው አንድ ስጠኝ» አለችው። ሻጩ ግራ ገባው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንን እትም ከየት ነው ያገኘሽው?» አለኝ።

«አክስቴ ናት ያነበበችልን» ብዬ ልመልስለት ስል ነገሩ ገባኝ። እዚያው ቆሜ አፌን ያዝኩ።

መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየሳቅኩ ተመለስኩ። ምንጣፉ ትዝ አለኝ! መጽሐፉ «እናትየው በየዓመቱ ወንዝ ዳር ሄዳ ታለቅሳለች» ይላል፤ አንቺ «በየዓመቱ ወንዝ ዳር ሄዳ ምንጣፍ ታጥባለች» ብለሽ አነበብሽልን። ጥድፊያ «ይቺ ሴትዮ ስንት ምንጣፍ ነው ያላት?» ስትልሽ፣ ፈገግ እንኳ ሳትይ «የሀብታም ቤት ነው፤ ዝም ብለሽ ቁልፍሽን ትከይ» አልሻት። በዚያ ምጥ የተወለደውን ሕፃን በሟች አጎቱ ስም ጠርተውታል። አንቺ ደግሞ አጎትየውን አልገድልም ብለሽ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ስም እየጠራሽ ሁለት ቅጽ ሙሉ ላብ አጠመቀሽ። ገጹን እኮ በሰዓቱ ትገልጪው ነበር! ዓይንሽ ከመስመር መስመር ሲሻገር እኔው ራሴ አይቻለሁ። መጽሐፍ ይዞ የሚያነብ ሰው ከልቡ እየፈጠረ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተናድጄብሽ ነበር። ያን ያህል የወደድኩት ሰው ከወንዙ ወዲህ የአንቺ ፈጠራ መሆኑን ሳውቅ የተታለልኩ መሰለኝ። ቆየት ብዬ ግን አሰብኩት። ከሦስቱ ቅጽ ውስጥ ቆርቆሮ ቤቴ ላይ ዝናብ ሲዘንብ፣ አውቶቡስ ሲዘገይብኝ፣ ደጋግሜ የማስታውሰው አንቺ የጨመርሽውን ነው። የጫማ ሰፊው ልጅ ሠርግ፣ የጭስ ማውጫው ጠብ፣ ሽማግሌ ሆኖ ለመንታዎቹ ፉጨት ያስተማረበት ቀን፣ ሁሉም የአንቺ። አክስቴ፣ ስንት ዓመት ከጎንሽ ተቀምጬ ክር ስለቅም አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ነሽ አላልኩሽም። አሁን እልሻለሁ፤ ጎበዝ ነሽ። ኮርቼብሻለሁ።

ኩራቱ እንዳለ ሆኖ ሐሙስ መጣብኝ። ሐሙስ ያ ገጽ ይነበባል። የተጻፈውን ባነብ ታናሹን እገድልባቸዋለሁ፤ አንቺንም በሌለሽበት ውሸታም አስብልሻለሁ። ልዋሽ ብል ደግሞ፣ ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ከልጅነቴ ታውቂያለሽ። ምክር ፍለጋ ስደውልልሽ አንቺ ስለ አባቴ ወገብ ትጠይቂኛለሽ።

ሐሙስ ዕለት መጽሐፉን ከፈትኩት። ምጡን አነበብኩ፣ ታንኳዋን አነበብኩ፣ ታንኳዋ ተገለበጠች። እዚያ ላይ ድምፄ ቀጥ አለ። ጥድፊያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከዚያስ?» አላለችም፤ መርፌዋን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆማለች።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ካውያ።

ዞር አልኩ። ዓይናቸውን ከሚተኩሱት ኮሌታ ላይ አላነሱም።

«የዛፍ ሥር ይይዛል። በግራ እጁ ነው። ቀጥይ።»

«ጋሼ፣ ያውቃሉ?»

«እናውቃለን» አለች ጥድፊያ። «እኔ አክስትሽ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ገልጬ አየሁት። ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ማደር እችላለሁ እንዴ?»

«እኔ ድሮ አንብቤዋለሁ» አለች ኃላፊያችን ከበሩ። «የአክስትሽ ይሻላል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተታለልኩት እኔ፣ የገዛ የወንድምሽ ልጅ ብቻ ነኝ ለካ! መጀመሪያ ጥድፊያ ፈነዳች፣ ከዚያ ኃላፊያችን፣ ከዚያ እኔ። ሳቃችን ከመኪናዎቹ ጩኸት በልጦ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሰዎች ምን ሆኑ ብለው መጡ። እንባዬን ጠርጌ አነበብኩ፤ አነበብኩ ካልሽው። ታናሹ በግራ እጁ የዛፍ ሥር ያዘ። ጥድፊያ ከጎኔ ሆና አስነጠሰችለት። ዳር ሲደርስ ኃላፊያችን «እሰይ!» አለች፣ ልክ እንዳልሰማች።

ሥራ ስንወጣ ጋሼ ካውያ ጠበቁኝ፤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስም አወሩኝ። እሳቸው! ያን ገጽ ባነበብሽበት ሳምንት ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ቀዶ ጥገና ይጠብቁ ነበር። ይህን ለአንቺ ብቻ ነግረውሽ ነበር አሉኝ።

«በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አክስትሽ ያነበበችውን እየሄድኩ እነግራት ነበር» አሉኝ። «እኔ ወሬ አላውቅም፤ ሌላ የማወራላት አልነበረኝም። ገና ስገባ ‹ታናሹ ዛሬ ምን አደረገ?› ነው የምትለኝ። መሞቱን ያየሁት ኋላ መጻሕፍቱን ከአክስትሽ ተውሼ ነው። ይኸው ቤትም አልወሰድኳቸው፤ ካውያው ሥር ሳጥን ውስጥ ናቸው።» ጥቂት ተራመዱ። «ያን ቀን ሞተ ብላ ብታነብ ኖሮ ሆስፒታል ምን ይዤ እገባ ነበር? ስትጽፊላት ይህን ጻፊላት። እኔ ፊት ለፊት ልላት ስንት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ።»

ጻፍኩልሽ አክስቴ። ስጽፍልሽ አለቀስኩ፣ ግን የደስታ ነው፤ አትዘኚ።

ባለቤታቸው ዛሬ ድነው ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ቅዳሜ ምሳ ጠርተውኛል። አንቺ ደግሞ የጫማ ሰፊውን ቤት ነገር አንድ በአንድ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሰውዬው ምን እንዳለ፣ ልጅቷ ለምን እንደሳቀች፣ ምንም እንዳይቀር። ጠረጴዛው እየጠበቀ ነው። እኔም በበኩሌ ቃል እገባልሻለሁ፤ በእኔ ንባብ ማንም ያለ አንቺ ፈቃድ አይሞትም።

ያን ዕለት አውቶቡሱ ሲመጣ ጋሼ ካውያ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ቅዳሜ ስትመጪ ባለቤቴ ፊት አደራ ነገሩን እንዳታነሺው» አሉኝ። «መሞቱን እስከ ዛሬ አታውቅም።»

«ማነው የሞተው?» አልኳቸው።

የምትወድሽ የወንድምሽ ልጅ