የለንሳ ቀኝ እጅና ግራ ጆሮ

ለተከበሩ ኦቦ ኤጄታ
የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የልጄን የክንድ ርዝመትና የጭንቅላት ስፋት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

አዲሱ ዓመት እርስዎን ከነቤተሰብዎ፣ ከነምክትሎችዎና ከነቴሌግራም ቻናልዎ በሰላም እንደተቀበለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስታወቂያ የሚጽፉበት አውራ ጣትዎ ጤና እንዲሆን ዘወትር እመኛለሁ፤ ጣትዎን አንድ ቀን ካመመዎ ይህ ሁሉ ወላጅ ምን እያነበበ ይስቃል ብዬ እሰጋለሁና። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዘነበወርቅ ተድላ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ጸጉር ቤት አለኝ፣ ሹሩባ እሠራለሁ። የከተማችንን ስም እዚህ ያልጠቀስኩት ለእርስዎ ክብር ስል ነው፤ የአምቦ ሰው ሰምቶ እንዳይስቅብን።

ልጄ ለንሳ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል መግባት ነበረባት፣ አልገባችም። የምጽፍልዎት ስለዚህ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ነሐሴ ላይ “የወላጆች መረጃ” የሚል ቻናል ከፍተው በየቀኑ አዲስ ነገር ስላሰሙን ከልብ እናመሰግናለን። በፊት ምዝገባ ሲጀመር ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ በየሠፈሩ እየዞረ ይለፍፍ ነበር፤ ሁሉም ሰው አንዴ ሰምቶ ስለሚገባው ነገሩ ጣዕም አልነበረውም። አሁን ግን ጠዋት የወጣው ማስታወቂያ ከሰዓት በኋላ ይታረማል፣ የታረመውም ሲመሽ “በስሕተት የተለጠፈ” ይባላል፣ እኛም እንደ ተከታታይ ድራማ እንጠብቀዋለን። ከሁሉ ከሁሉ ግን የአንደኛ ክፍል ምዝገባ እስከ ጳጉሜን ዘጠኝ መራዘሙን ያበሰሩበት ማስታወቂያ ከልቤ አይጠፋም። ጳጉሜን እኛ ስናውቃት አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ሲሞላላት ስድስት። እኛ የዋሆቹ ግን የሚመለከተው አካል ጨምሮልን ይሆናል ብለን እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ጳጉሜን ዘጠኝን ስንጠብቅ መስከረም ጠባ። ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ የምዝገባው ቀን አልፏል አሉኝ፤ የትኛው ቀን ብዬ ብጠይቃቸው ጳጉሜን ዘጠኝ አሉኝ፣ ፍንክች ሳይሉ። ያልመጣ ቀን እንዴት እንዳለፈ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፤ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ “ለተንጠባጠቡ ሕጻናት” ልዩ ምዝገባ ስለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልን። ልጆቻችን ከየት ላይ እንደተንጠባጠቡ ባናውቅም በደስታ ይዘናቸው መጣን። የልደት ሰርተፍኬት ተብሎ ነበር፤ ቀበሌ ሄድን፣ ሲስተም የለም ተባልን፤ ተመልሰን ሄድን፣ ሲስተሙ መጥቶ ሄዷል ተባልን። እኔም የለንሳን የክትባት ካርድ፣ በተወለደች ሰሞን ጤና ጣቢያ ማኅተም ያደረገበትን፣ ይዤ የምዝገባ ኮሚቴዎ ፊት ቀረብኩ። ኮሚቴው ካርዱን እንኳ ገልጦ አላየውም። ወረቀት ይጭበረበራል፣ ክንድ ግን አይጭበረበርም አሉኝ። ከዚያም በቻናሉ ላይ እንደተገለጸው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን የነካ ልጅ ብቻ ለትምህርት እንደደረሰ ይቆጠራል ተባለ። ዘዴው ድሮ ካርድም ማኅተምም ባልነበረበት ዘመን አባቶቻችን ልጅ የሚለኩበት ስለሆነ አልናቅሁትም። በዲጂታል ዘመን፣ በቴሌግራም ታውጆ ሲመጣ ግን ትንሽ ገረመኝ።

የልኬቱን ቀን አልረሳውም። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሥር ተሰለፉ፤ ዘበኛው ኦቦ ጂራ የእያንዳንዱን አገጭ ቀጥ አድርጎ እየያዘ ሃርካ ኦል! እያለ እጃቸውን ወደ ላይ ያስነሳል፣ ኮሚቴው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል። የጎረቤቴ የድንቅቱ ልጅ ፊራኦል ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ክንዱ ግን ለጉድ የተፈጠረ ስለሆነ ጆሮውን አልፎ አገጩን ሊያክ ምንም አልቀረው። ተጨበጨበለት፣ ተመዘገበም። አሁን አንደኛ ክፍል ነው፤ ከእረፍት በኋላ እንቅልፍ ስለሚወስደው እናቱ አዝላ ታመጣዋለች። የእኔዋ ለንሳ እጅ ግን ከጆሮዋ በላይ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቀጥ አለ። ተንጠራራች፣ ምላሷን አወጣች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወይ ፍንክች! ክቡር ሆይ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጭንቅላት ጋር የምውል ሴት ነኝና ምክንያቱን ልንገርዎ፦ ክንዷ አላጠረም፣ ጭንቅላቷ በአባቷ ወጥቶ ነው። የባለቤቴ የሚልኬሳ ዘመዶች ከጊንጪ እስከ ሸነን በጭንቅላት የታወቁ ናቸው፤ ባርኔጣ በልካቸው ተገኝቶ አያውቅም። ከመካከላቸው መምህርም፣ ነርስም፣ የባንክ ሠራተኛም ወጥቷል። በእርስዎ ሕግ ቢሆን ኖሮ ግን አንዳቸውም የትምህርት ቤት ደጅ አይረግጡም ነበር።

ሦስተኛ፤ ለቤተሰባችን የጋራ ሥራ ስለሰጡን ምስጋናዬን ሳልገልጽ አላልፍም። ሚልኬሳ ባጃጁን አቁሞ የልጁ አሠልጣኝ ሆነ። በር ጉበን ላይ ያንጠለጥላታል፣ እጇን በለሆሳስ ይስባል፣ አይዞሽ ትንሽ ቀረሽ ይላታል፤ እሷም እየተወዛወዘች ትስቃለች። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእሱ ወገኖች ተሰብስበው ለክንዷ ጸለዩ፣ እኔም ለማርያም ተሳልኩ። ክንዷ ያው ነው። ፈጣሪም በቢሮዎ ጉዳይ ጣልቃ መግባት አልፈለገም መሰለኝ።

ቢቸግረኝ ጸጉሯን ላጨሁት። የልጄ ጸጉር ወፍራም ነው፤ እሱ ቢነሳ ለጣቷ ትንሽ መንገድ ያሳጥርላት ይሆናል ብዬ ነው። ለመስቀል ሹሩባ እሠራልሻለሁ ብያት ነበር፣ ሞዴሉንም ራሷ መርጣ ነበር። የሰው ልጅ ሳስውብ የምውል ሴት የራሴን ልጅ በገዛ መቀሴ፣ በመስቀል ዋዜማ! ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች፤ የተቆረጠውን ጸጉር በጨርቅ ቋጥራ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። በማግስቱ ቻናልዎ ላይ ምን ወጣ? “ጸጉራቸውን ተላጭተው የሚቀርቡ ሕጻናት ተፈጥሯዊ ልኬትን የሚያዛቡ በመሆናቸው ጸጉራቸው እስኪያድግ አይስተናገዱም።” ይህንን ማን እንዳሰበልዎ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን፣ ትልቅ ጭንቅላት ያስፈልገዋል።

አራተኛ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቅሬታችንን ሰምተው፣ ነገሩ ቀላል መሆኑን በተግባር ሊያሳዩን መድረክ ላይ ስለቆሙ አድናቆቴ ወደር የለውም። ያ አዲሱ ኮትዎ እንዴት ያምርብዎት ነበር! ቀኝ እጅዎን አነሱ፣ አናትዎ ላይ ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ከብብትዎ ሥር ስፌቱ ጠረረረ ብሎ ተተረተረ፣ ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። እርስዎም እጅዎን በቀስታ አውርደው መመሪያው አዋቂዎችን እንደማይመለከት አስረዱን። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ አልሳቅሁም፤ ውሸቴን ነው፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። የገረመኝ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አብራኝ የመጣችውን ለንሳን መልሰው ወደ በሩ መላክዎ ነው።

አምስተኛ፤ ይኸኛው አጭር ነው። በከተማችን ከትምህርት ገበታ የቀረ አንድም ልጅ እንደሌለ ለበላይ አካል ሪፖርት ማድረግዎን በዚያው ቻናል አነበብኩ። እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ ቤት ያለችው ታዲያ ማን ናት? በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ትለብሳለች፤ አትልበሺ ብላትም አውልቂ ብላትም አትሰማኝም። ፊራኦልን እጁን ይዛ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሸኘውና ተመልሳ ጸጉር ቤቴ ትመጣለች፣ ከጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ትቀመጣለች። ደንበኞቼ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሄደች ሲጠይቋት እጄ አልደረሰም ትላቸዋለች። እነሱ ይስቃሉ፤ እሷ ግን አትስቅም። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ማበጠሪያ የምፈልግ እመስላለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ልጅቷ ትማር። ጭንቅላቷ ሰፊ ከሆነ የሚገባበት ነገር ያስፈልገዋል ማለት ነው እንጂ ባዶውን ይቀመጥ ማለት አይደለም። ቢሮዎ ይህን ለመወሰን ስብሰባ ካስፈለገው ይሰብሰብ፣ ሻይና ቆሎውን እኔ አመጣለሁ። ልጄ ከእኩዮቿ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ስትቀር ቆሜ አላይም ግን፤ ይህንንም በታላቅ ትሕትና ነው የምለው።

ከወንበርዎ ዝቅ፣ ከትዕግሥቴ ደግሞ ትንሽ ወጣ ብዬ፣ የማስታወቂያዎችዎ ታማኝ አንባቢ፣ የእርምቶቻቸውም ምስክር የሆንኩ፣

ዘነበወርቅ ተድላ
የለንሳ ሚልኬሳ እናት
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ነገር፦

ይህን ጨርሼ ፖስታውን ላሽግ ስል ቻናልዎ ላይ አዲስ መረጃ ወጣ፤ “ሁሉም ልጆቻችን በደስታ በመማር ላይ ናቸው” ይላል፣ ከሥሩም ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተነሳ ትልቅ ፎቶ አለ። ከፊት፣ መሐል ላይ የቆመችው የእኔ ልጅ ናት። ካሜራ የያዘው ሠራተኛዎ እጃችሁን አውለብልቡ ብሏቸው ኖሮ ሌሎቹ ሁሉ ያውለበልባሉ፤ ለንሳ ግን የጽሕፈት ቤት ሰው ስታይ እንደለመደችው ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋለች። ጸጉሯም፣ እንደ መመሪያዎ፣ በቅሏል። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት፣ ሚልኬሳም አየው፣ ድንቅቱም መነጽሯን አድርጋ አየችው። ግራ ጆሮዋን ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች! ለንሳ ፎቶውን ስታይ ሄዳ ቦርሳዋን አመጣች። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልኬቱን ራስዎ በጽሕፈት ቤቱ ቻናል ላይ አጽድቀው ስለለጠፉልኝ እጅ እነሣለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ። ፎቶውን ለማጥፋት አይድከሙ፤ በደንበኞቼ ሁሉ ስልክ ላይ አለ።