አዲሱ ራውተር ያስፈልገን እንደሆነ

ልጄ ዜማ፣ ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ዓባይ ማዶ ዝናቡ በርትቷል። እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው እህትሽ ርሆቦት ናት።

የኢንተርኔት ሠራተኛ መጥቶ፣ «እናቴ፣ በየወሩ ትንሽ ጨምረው የተሻለውን ራውተር ይውሰዱ፤ እስከ ጓዳ ይደርሳል» አለኝ። ያሁኑ ከሳሎን አያልፍም።

እስቲ አንቺ ምከሪኝ። የምትደውዪው እሑድ እሑድ ብቻ ከሆነ አሮጌው ይበቃናል፤ ከቅዳሴ መልስ ሳሎን ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። በአዘቦት ቀንም የምትደውዪ ከሆነ ግን ጓዳ ሳለሁ እንዳታመልጪኝ አዲሱን እወስደዋለሁ።

ብርዱን ተጠንቀቂ። በሰው አገር ሞገሱን ይስጥሽ። ቁርጡን ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ።

እናትሽ የብርጓል

እህቴ፣ ይኼን እማ አላለችም፤ እኔ ርሆቦት ነኝ የጨመርሁት። በአዘቦትም ሽንኩርት የምትከትፈው ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ሳሎን ቁጭ ብላ ነው።