የእኅቴን ስም መሣሪያ ላደረገው የፊደል ማረሚያ ባለቤት

ለክቡር አቶ ግራንት ሆሊስተር፣
የስተርጅን ኔክ ከተማ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ ዓይንዎም ጣትዎም ደኅና ይሆኑ ዘንድ እመኛለሁ። እኛ ሐዘን ላይ ነን፤ ለርስዎ ትጋት ምስጋና ይግባውና አገሩ ሁሉ ስቆብናል።

ታላቅ እኅቴ ዋፓን ሜራስቲ ባለፈው ወር በሰማንያ አንድ ዓመቷ ዐርፋለች። ዋፓን በእኛ፣ በአገሩ ነባር ሕዝብ በክሪዎች ቋንቋ «ነጋ» ማለት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ስለተወለደች አባታችን ያወጣላት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትሠራ የርስዎንም ልጆች አብልታለች። የቀብሯ ማስታወቂያ በከተማው ድረ ገጽ እንዲወጣ በእጄ ጽፌ ለጸሐፊዋ ለሉአን ሰጠሁ፤ ከዚያ የሆነውን እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቃል በራሱ የሚለውጠው የኮምፒውተሩ ፊደል ማረሚያ በርስዎ ትእዛዝ እንዳይጠፋ ተቆልፎ ስለነበር፣ ሉአን «ዋፓን» ብላ የጻፈችውን «ዌፐን» አደረገው፤ በእንግሊዝኛ የጦር መሣሪያ ማለት ነው። ሁለቴ አስተካከለች፤ ሦስተኛው ረጋልኝ ብላ ስትልከው ያው ሆኖ ወጣ። «ለምን አታጠፊውም?» ብላት፣ «ኧረ እትዬ ዶሪን፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው! ስደውልለት ‹ማሽኑ ካንቺ ይሻላል› ብሎ ዘጋብኝ» አለችኝ። ለጨዋ አነጋገርዎ እናመሰግናለን።

፪. «መሣሪያ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሕዝብ አዳራሽ፤ ሁሉም ይምጣ» የሚለውን ርእስ ብቻ ያነበበ አንድ መንገደኛ ለፖሊስ ደወለ። ሁለት ፖሊሶች አስከሬኑ ካለበት አዳራሽ ገብተው የሐዘንተኛውን ቦርሳ ይበረብሩ ጀመር። የዘጠና ዓመቷ አክስታችን አዴል ወጣቱን ፖሊስ «ምን ጠፋህ ልጄ?» አለችው።
«መሣሪያ አለ ተብሎ ነው እማማ።»
«አለች እንጂ! ያቻት፣ ተኝታለች» ብላ ሳጥኑን አሳየችው። ልጁ ቆቡን አውልቆ አቀረቀረ። እሱ እንኳ አፈረ፤ ክቡርነትዎ ሲያፍሩ ግን እስከ ዛሬ ያየ የለም።

፫. ሁለት ጊዜ ደጅ ብጠናዎ «ለጽሑፍ ጥራት ሲባል አይጠፋም» ስላሉኝ፣ የከተማው ምክር ቤት በተሰበሰበበት ተነሥቼ የእኅቴን ስም እየደጋገምሁ ጠራሁ። ተቀመጪ ቢሉኝ እምቢ አልሁ። ምክር ቤቱ ማረሚያው እዚያው ይጥፋ ብሎ ሲያዝዝዎ፣ ወንበር እንኳ ሳይስቡ፣ ቆመው አጠፉት። በሰዓቴ ይዤዋለሁ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ላበላች ሴት የነፈጓት ይህችኑ ነበር።

ይህን የመሰለ ጥበብ ለሌላ ከተማ እንዳይሰጥብን እየጸለይሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ዶሪን ሜራስቲ፣
የዋፓን ታናሽ እኅት

በተረፈ፦ የእርምት ማስታወቂያዎን ትናንት ከውሻ ምዝገባው ማስታወቂያ ግርጌ ለቅሜ አነበብሁ። እኅቴ ውሾች ትወድ ስለነበር ቅር አይላትም። እኔ ግን ገና በሕይወት አለሁ።