ለወንዳወቅ የሰጠሁት የሙሉሰው ልጅነት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ገበያው፤ ፓዊ።

ክረምትና በጋ ሳይለይ የምናፍቅዎ ወንድሜ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ጾሙ እንዴት አለፈልዎ? ያ የጉልበት ቁርጥማት ለቀቀዎ ወይስ አሁንም ሲነሡ ግድግዳ ያስይዝዎታል? የቆላው ወባ ዘንድሮ ራራላችሁ? እትዬ ምስራቅ ዓይናቸውን ታከሙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ችለዋል? ልጆቹስ፣ ላሞቹስ? በራፍዎ ላይ ተከልሁት ያሉኝ ማንጎ ለሰው ጥላ ሆነ? ከቤታችሁ ሰው፣ ከበረታችሁ ከብት አይጉደል።

እኔ ካሉኝ አለሁ። ደሃና ላይ ዝናቡ ጠብ ብሎ ተመልሷል፤ ገብሱን የዘራም ያልዘራም ሰማይ ሰማይ ያያል። ጤናዬ ደኅና ነው። ልጄን ሙሉሰውን ከቀበርሁ ወዲህ ሐዘኑ እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ ባለቤት ተቀምጧል። ሰው ሲመጣ እስቃለሁ፣ ሲሄድ ዝም እላለሁ። ሙት ዓመቱ በሐምሌ ይደርሳል፤ መንገዱ ከፈቀደልዎ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል፣ ካልፈቀደ ግን እንዳይጨነቁ።

እጄ ለጽሕፈት እንደማይፈጥን ያውቃሉ። አራተኛ ክፍል ላይ የተውሁትን ፊደል አንድ በአንድ እየፈለግሁ ነው የምጽፈው። በስልክ ብነግርዎ ይቀለኝ ነበር። ግን በጾሙ መግቢያ ደውዬ የልጄን የወንዳወቅን ስም ሳነሣ «ታይቱ፣ የዚያን ልጅ ነገር ለእኔ አታንሺብኝ» ብለው ዘጉብኝ። አልተቀየምሁም። ዓመት የደከመበትን የሰሊጥ ክምር ቆሞ እያየ በእሳት ያጣ ሰው ከዚህም የባሰ ቢናገር ያምርበታል። ደብዳቤ ግን መሐል ላይ አይዘጋምና፣ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በእናታችን አጥንት ይዤዎታለሁ።

ወንዳወቅ ሰቆጣ ማረሚያ ቤት ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኒሯቅ ገበያ ላይ በአንዲት ፍየል ተጣልቶ ምሳው የሚባለውን ሰው በዱላ መታው፤ ሰውየው አንድ ዓይኑን አጣ። ይህን ያውቃሉ። የማያውቁት በውስጥ የሆነውን ነው። ቆጠራ ላይ ሁሉም ተሰልፎ ሲቆም እሱ ከሰልፉ ይወጣል። ሌላው ሲጠራ እሱ «አቤት» ይላል። የተሰጠውን ሥራ ጀምሮ ይተዋል፣ ያልተሰጠውን ይነካል። ከዚያ ጠብ ይመጣል። መልካም ጠባይ ያሳየ እስረኛ ፍርዱ ተቀንሶለት በአመክሮ ይወጣል፤ እንደ እሱ ያለው ግን እያንዳንዱን ቀን ተቀምጦ ይጨርሳል። እኔም ተስፋዬን ቆርጬ ነበር።

በጥር ልጠይቀው ስሄድ እሱን የሚጠብቀው ፖሊስ አስማረ በር ላይ ተቀበለኝና «እማማ ታይቱ፣ ሲስተር ትፈልግዎታለች» አለኝ። ሲስተር ፅዮን ከሆስፒታል እየመጣች እስረኞቹን የምታይ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናት፤ ገና ልጅ እግር ናት። እኔን፣ ወንዳወቅንና አስማረን በአንዲት ጠባብ ክፍል አስቀምጣ፣ ወረቀቷን ዘርግታ «እናቴ፣ ወንዳወቅ ሕፃን ሳለ እንዴት ያለ ልጅ ነበር? ከሥሩ ጀምረው ይንገሩኝ» አለችኝ።

አያ፣ እኔ ምን ላውቅ። ፖሊስ ተቀምጦ፣ ወረቀት ተዘርግቶ ስለ ልጅሽ ተናገሪ ስባል ችሎት መሰለኝ። በዳኛ ፊት የልጇን ነውር የምታወጣ እናት በአገራችን አልተወለደችም። እናም ማመስገን ጀመርሁ። ልጄ ጭምት ነበር አልሁ። አንድ ቦታ ካስቀመጡት ፀሐይ እስኪዞርበት አይነሣም አልሁ። ጨው ግዛ ብዬ ስልከው አንድ ፍሬ ሳያንጠባጥብ ያመጣል፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጠገቤ ቆሞ፣ የነጠላዬን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ያስቀድሳል አልሁ። አፌ አላቆም አለ። እንዲህ አሳምሬ መናገር እንደምችል ራሴም አላውቅም ነበር። ሲስተር ስትጽፍ ቆይታ እጇ እየዘገየ፣ ፊቷም እየዳመነ መጣ።

ወንዳወቅ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ «እማ፣ ይህ እኮ ሙሉሰው ነው» አለ።

እውነቱን ነበር። ከሞተ ጀምሮ ስሙን ያለ እንባ ጠርቼው የማላውቀውን ልጄን፣ ሳላስበው፣ በዚያች ክፍል ውስጥ እንደገና ወልጄ አሳድጌው ነበር። የእሱን ልጅነት አውልቄ ወንድሙን አለበስሁት። አስማረ ኮፍያውን አወለቀ። ወንዳወቅ ወለሉን እያየ «ሲስተር፣ እሱ ጥሩ ልጅ ነበር። ክፉው እኔ ነኝ። እማ፣ የእኔን ንገሪያት» አለ። ወንድሙ ሲሞት ቀብሩ ላይ አልነበረም፤ እዚያ ወንበር ላይ ነው አብረን ያለቀስነው።

ሲስተር ብዕሯን አስቀምጣ ለቅሶው እስኪወጣልን ጠበቀችን። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «እናቴ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ጭምት ነበር ካሉኝ፣ አሁን የማይበት ነገር ቤቱን ከለቀቀ ወዲህ የመጣ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ከልጅነቱ የነበረ ከሆነ ግን ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው ነገር ሊሆን ይችላል። ክፉ ክፉውን ይንገሩኝ፤ ልጁን የሚጠቅመው እሱ ነው።»

እንደዚህ ያለ ነገር ሰምተው ያውቃሉ፣ አያ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ተናገርሁ። ገና በማለዳ ከቅዳሴው መሐል ሾልኮ ወጥቶ የደብሩን የድንጋይ ደወል ሲደውል፣ አገሩ ሁሉ እሳት ተነሣ ብሎ በእንስራ ውኃ ተሸክሞ የመጣበትን። በሠርግ ቀን ቀፎ ከፍቶ ንቡ ሚዜዎቹን ገደል ለገደል ያሯሯጠበትን። ጨው ግዛ ብዬ ልኬው ጨውም ሳይገዛ፣ ቅሉንም ጥሎ፣ ቡችላ አቅፎ የመጣበትን። አማርኛው አልበቃኝ ሲል በኽምጣኛ ቀጠልሁ፤ አስማረም የዋጉ ዝቋላ ልጅ ነውና እየተረጎመ ነገራት። ሚዜዎቹ ላይ ሲደርስ በሳቅ መተርጎም አቃተው። «ሲስተር፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብሎ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ወንዳወቅም «አንዱ ሚዜ እስካሁን ማር አይበላም» ብሎ አባሰበት።

ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሲስተር ሳልነግራት ትጠይቀኝ ጀመር። ጥያቄው ሳያልቅ ይመልስ ነበር? የያዘውን የትም ይጥል ነበር? ተራ መጠበቅ ያቅተው ነበር? ይገርፉት ነበር፣ ያለቅስ ነበር፣ ማታውኑ ደግሞ ይደግመው ነበር? እንደገና «ደግሞስ ሲቀመጥበት የሚውል፣ ሲጠሩት የማይሰማበት አንድ ነገር አልነበረውም?» አለችኝ። ነበረዋ። የቀፎ ጭቃ። ቀፎውን በጭቃና በፋንድያ ሲለስን እህል ውኃ ሳይል ይውል ነበር። ጎረቤት እንኳ የማያውቀውን፣ ደሃናን አይታ የማታውቅ ልጅ ከጓዳችን ገብታ የኖረች ይመስል ትቆጥርልኝ ነበር። ሰው ሁሉ የባለቤቴ የአሥራተ ማርያም ልጅ ሰይጣን ነው ሲል፣ ነፍሱን ይማረውና አባቱ ጠበል ለጠበል ሲያዞረው፣ ለካ እግዚአብሔር የፈጠራቸው ብዙ ልጆች በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ልክ እንዲሁ ቅላቸውን ይጥሉ ኖሯል።

ስሙ የትኩረት ማነስና ያለ ልክ የመቁነጥነጥ ችግር ነው፤ በእንግሊዝኛው ኤዲኤችዲ ይሉታል። ሐሳብንና እጅን የሚይዘው ልጓም ከሌላው ሰው የላላ ነው፤ ስንፍናም ጥጋብም አይደለም፤ ከዘር የሚወረስበትም ጊዜ አለ አለችኝ። ይህን ስትል አባታችን ትዝ አለኝ፤ እንጀራውን ቆሞ፣ ግማሹን እየሄደ የሚበላው። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎንም አሰብሁ። ጠበሉን ልተው ወይ ብላት «ለምን ይተዋሉ? ሕክምናውንም ጠበሉንም» አለች።

ሌላም ነገረችኝ። በውጭ አገር እስረኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከአራት እስረኛ አንድ ያህሉ ይህ ነገር እንዳለበት ተገምቷል፤ ከውጭ ካለው ሰው እጅግ ይበዛል። የሚቁነጠነጥ ሁሉ ይህ አለበት ማለት አይደለም፤ ያለበትም ሁሉ ሰው አይጎዳም፤ ብዙዎቹ በሰላም ሠርተው ይኖራሉ፤ ሳይታወቅላቸው በዱላና በስድብ ያደጉት ናቸው ብዙ ጊዜ መንገድ የሚስቱት አለች። ስወጣ ግቢው መሐል ቆምሁ። እስረኞቹ ፀሐይ ላይ ነበሩ። አንዱ ግንቡን እየዳሰሰ ይመላለሳል፣ አንዱ ጠጠር ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል፣ አንዱ ማንም ሳይጠይቀው ይመልሳል። ከዚህ በፊት ሳያቸው ወንጀለኛ ነበር የማየው። ያን ቀን የየእናታቸውን ቤት አየሁ፤ ስንት የጠፋ ቅል፣ ስንት ያለጊዜው የተደወለ ደወል። ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ነጠላዬን አጣፋሁ። አስማረ ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እኔም እኮ ትምህርት ቤት ስድስት ጊዜ ተባርሬያለሁ» አለኝ።

የምሳው ዓይን ግን አልተመለሰም፣ አያ። ይህን ረስታ ነው እንዳይሉኝ። ሲስተርም ለወንዳወቅ በፊቴ «ይህ ጥፋትህ ከየት እንደመጣ ያሳይሃል እንጂ ጥፋትህን አያጥብልህም» አለችው። እሱም «እጄ ቀደመኝ፤ ዓይኑን ሳይ ነው እኔ የደረስሁት» አላት። ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አሁን የጉዳዩን ሥር ልንገርዎ። በግንቦት መጨረሻ ሐኪም ይመጣል። ነገሩ በእርግጥ ይህ መሆኑን የሚወስነው እሱ ነው፤ ከወሰነ ሕክምናው ይጀመራል፤ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎችም አመክሮውን ሲያዩ ያስቡበታል። እስከዚያው ድረስ ሲስተር ነግራቸው በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሰጡታል፤ ከቆጠራ በፊትም ሰውነቱ እንዲፍታታ ውኃ ያስቀዱታል። በሆሣዕና ሰሞን ስሄድ አስማረ «ቆጠራው እስኪያልቅ ቆመ» ብሎ እንደ ድግስ ወሬ ነገረኝ። ሐኪሙ ግን የእናት ቃል ብቻ አይበቃውም። ልጁ በሌላ ቤትም እንዲህ እንደነበረ ያየ ሰው ይፈልጋል፤ በቤት ብቻ ከሆነ አይቆጠርም። ያስተማረው መምህር አርፏል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ላስተምረው ብለው ወስደውት ዓመት ከቤትዎ ኖሯል።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። የሲስተር ፅዮንን ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ይደውሉላት፤ አይራሩለት። ጥጆቹን ከፍቶ የሰው አኩሪ አተር ያስበላበትን፣ ከሚሄድ ትራክተር ላይ የዘለለበትን፣ ነፋሱ እሳትን ወዴት እንደሚወስድ አያለሁ ብሎ ሰሊጥዎን የፈጀበትን፣ ሲገርፉት ምን እንዳለ፣ በነጋታው ምን እንዳደረገ፣ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሯት። እህት ለወንድሟ ልጄን አማልኝ ብላ ስትጽፍ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። እኔ እንዳደረግሁት የሌላ ልጅ ልብስ አያልብሱት፤ ቁጣዎንም አይተዉት፤ ስለ ሰሊጡ የተቆጡትን ያህል ተቆጥተው ይናገሩ። ይቅር ይበሉት አላልሁም፤ እሱ በጊዜው ይሆናል፤ አሁን የሚያስፈልገው እውነቱ ነው። ሰሊጡን ግን ክፋት አስቦ አላቃጠለም። ይህን እኔም ያወቅሁት አሁን ነው።

ለእትዬ ምስራቅ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ ብላለች ይበሉልኝ። ለትልቁ ልጅዎ ለዋሴ፣ አክስትህ ጉንጭህን ስማለች ይበሉልኝ፤ ሚስቱንም በሰላም ያገላግላት። ለትንሿ ለዝናሽ በትምህርቷ እንድትበረታ፣ መምህሯ ቢቆጣትም እንዳይከፋት ይንገሩልኝ። ከአገር አብራችሁ ለሰፈራ የወረዱትን ጎረቤቶቻችሁንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ከእኔ ቤት ሰላምታ የሚልክልዎ ቁጥሩ አንሷል፤ ወንዳወቅና እኔ ነን። እሱ በእኔ መልእክት ልኳል፤ «አጎቴ ለሲስተር ሲነግሯት እሳቱን እንዳይረሱ፣ ውኃ ፍለጋ ሮጬ ባዶ እጄን መመለሴን ግን አይተውት እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብሏል። አይተውት ከሆነ ያንንም ይንገሯት።

እኅትዎ ታይቱ
ደሃና፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.