የኡሉቲ ኑታራቅ አስራ ስምንት መልሶች

ቀን፦ ሜይ 21 ቀን 2019

ለሰሜን ዳር የርቀት ትምህርት ኮሌጅ
የፈተናና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ለተከበሩ ወ/ሮ ማርጋሬት ፔንሃሎ
ባሉበት

አመልካች፦ ሳይላ ኑታራቅ፣ የመምህርነት ዲፕሎማ ተማሪ
አድራሻ፦ ኑቩክ መንደር፣ ኑናቩት

ጉዳዩ፦ ማርች 5 ቀን በተሰጠው የእናቴ የኡሉቲ ኑታራቅ የቃል ፈተና ላይ የደንብ ጥሰት መፈጸሙን ስለማመልከትና የተቀረጸው ምስል ጁን 3 ቀን ከመጥፋቱ በፊት እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

በደንባችሁ መሠረት የፈተና ምስል የሚቆየው ዘጠና ቀን ነው። ዛሬ አስራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ ጽሑፌ ቢረዝምብዎትም ሳያስተላልፉ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. እኔና እናቴ ከሴፕቴምበር 2016 ጀምሮ በኮሌጃችሁ አብረን ስንማር ቆይተናል። እናቴ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። በመንደራችን ትምህርት ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት በመምህር ረዳትነት ሠርታለች። በእነዚህ ዓመታት ከደቡብ ከተሞች የመጡ አስራ አራት መምህራንን ተቀብላ፣ ሥራውን አሳይታ፣ ሸኝታለች። የመጀመሪያ ክፍል ልጆች መስኮቱን በሸፈነው ውርጭ ላይ በጣታቸው ፊደል የሚጽፉት እሷ ባመጣችው ዘዴ ነው። ዲፕሎማውን ስትይዝ ክፍሉ የራሷ እንደሚሆን ርዕሰ መምህሩ ቃል ገብተውላት ነበር። በሩ ላይ የሚለጠፈው የመምህር ስም የእሷ እንዲሆን ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

የአባቷን ስም ስለወረስኩ እንደ አገራችን ልማድ «አባባ» ነበር የምትለኝ። ስትቆጣኝም አትለውጠውም። «አባባ፣ ተነሺ እንጂ፣ ክፍል ሊጀመር ነው» እያለች ሦስት ዓመት ቀስቅሳኛለች።

2. የማጠቃለያ መጠይቃችሁ «የተማሩባቸውን የመገናኛ ዘዴዎች ጥንካሬና ድክመት ይግለጹ» ይላል። የተሰጠኝ ቦታ ሁለት መስመር ስለሆነ እዚህ እሞላዋለሁ።

የታተመው ሞጁል ጥንካሬው ትዕግሥቱ ነው። አንዱን ገጽ አርባ ጊዜ ቢመለሱበት አይሰለችም፤ መስመርም አይቆረጥበትም። ድክመቱ አውሮፕላን ጠባቂ መሆኑ ነው። ሞጁል አምስት በጭጋግ ምክንያት ሁለት ጊዜ በላያችን አልፎ ሄዶ፣ እጃችን የገባው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው።

በመንደራችን ሬዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርት ያልተመዘገበው ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር። ሰው እየደወለ ይከራከራል። ስለ ልጆች ቅጣት ስንማር አንዲት አሮጊት ደውለው መምህሩን «ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ስንት አሳድገሃል?» አሉት። አንድም እንዳላሳደገ ሲነግራቸው «እንግዲያው ቀጥል፣ እኛም እንሳቅ» ብለው ዘጉት። ሬዲዮ አያይም። እንደማያይ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይናገራል። ስልክም እንደዚያው ነው።

ቪዲዮ ከሁሉም በላይ የወደድነው ነው፤ ምክንያቱም ፊት አለው። የሁለተኛ ዓመት መምህራችን ካትሪን በሁለተኛው ሳምንት ፊታችንን ማንበብ ለምዳ ነበር። ድክመቱ ሳተላይቱ ነው። ነፋስ ሲበረታ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። የመማሪያ ማዕከሉ ጠባቂ ጆአሲ «ዛሬ ሰማዩ ይማር፣ እናንተ ሻይ ጠጡ» እያለ ማንቆርቆሪያውን ይጥድልን ነበር። መፍትሔው የራስን ካሜራ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ ድምፅ ይጠራል፤ መሣሪያው ግን ግማሽ ዕውር ይሆናል። እኛ የወዲያኛውን ሰው እናየዋለን፣ እሱ እኛን አያየንም። ግማሽ ዕውር መሆኑንም ለማንም አይናገርም። መጠይቃችሁ ላይ ለዚህ ድክመት የተዘጋጀ ሳጥን አላገኘሁም።

3. እኛ ዘንድ «አዎ» የሚባለው ሁለቱን ቅንድብ ከፍ በማድረግ ነው። «አይደለም» የሚባለው አፍንጫን በመሸብሸብ ነው። ድምፅ አይጨመርበትም። ይህ ዓይን አፋርነት ወይም አለማወቅ አይደለም፤ የተሟላ መልስ ነው። እናቴ ለልጆቿም፣ ለቄሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለካትሪንም የመለሰችው እንዲህ ነው።

4. ማርች 5 ቀን ጠዋት ነፋስ ነበር። የቃል ፈተናው ከመጀመሩ ከአምስት ደቂቃ በፊት የፈታኙ የዶክተር ሃርግሬቭ ድምፅ ተቆራረጠ። እኔ ገብቼ የእናቴን ካሜራ ወደ እናንተ እንዳይልክ ዘጋሁት። «አናና (እናቴ)፣ ካሜራሽን ዘግቼዋለሁ፣ ድምፁ አሁን ይጠራል» አልኳት። ቅንድቧን አነሳች። ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

ልብ ይበሉልኝ። በፊቷ ባለው ስክሪን ላይ አንድ ሰው ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠይቃታል። ያ ሰው አያየኝም ብሎ ማን ያስባል? እኔ የነገርኳት ስለ መሣሪያው ነው። «ሰውየው አያይሽም፣ በአፍሽ መልሺ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

5. የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል አስራ ስምንት «አዎ ወይም አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ናቸው። በመመሪያችሁ መሠረት ፈታኙ መልስ ካልሰማ አስራ አምስት ሰከንድ ጠብቆ፣ ምንም ሳይረዳ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዶክተር ሃርግሬቭ መመሪያውን አክብረዋል፤ እሳቸውን አልከስም። ዝም ብሎ መጠበቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። እናቴ ከወጣች በኋላ «ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ እንደ ሌሎቹ አይቸኩልም» አለችኝ።

ሁለተኛው ክፍል ተፈታኙ ስለ ሥራው በራሱ ቃል የሚያስረዳበት ነው። እናቴ አንድ ወር ሙሉ የተዘጋጀችው ለዚህ ነበር። ስለ ውርጩ መስኮት ልትናገር ነበር። ሳህን እያጠበች ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ላላለፈ ሰው ግን ሁለተኛው አይጠየቅም፤ መስመሩም ተዘጋ። እሷ የመሰላት እንደ ወትሮው ሳተላይቱ የጠፋ ነው። «ሁለተኛውን ክፍል ነገ ይደውሉልኛል» አለች። አስራ ሰባት ቀን ጠበቀች። ትምህርት ቤት ስትሄድ ስልኩን ለጎረቤት አደራ ትሰጥ ነበር።

እኔ በማግስቱ ተፈትኜ አለፍኩ። ከእናቴ የበለጠ ስለማውቅ አይደለም። ደቡብ ሁለት ዓመት ስለተማርኩ እና እዚያ አፌን ከፍቼ «አዎ» ማለትን ስለለመድኩ ነው።

6. ማርች 22 ቀን ደብዳቤያችሁ በአውሮፕላን መጣ። «በቂ የቃል ተሳትፎ ባለማሳየትዎ አላለፉም» ይላል። እናቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጣጥፋ ሞጁል ሰባት ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አባባ፣ ሰውየው እያየኝ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

አፍንጫዬን ሸበሸብኩ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

7. ማርች 28 ቀን የሳንባ ሕመሟ ተነስቶባት በሐኪም አውሮፕላን ወደ ደቡብ ተወሰደች። ደብዳቤው ገደላት አልልም። ሐኪሞቹ ሳንባዋ ነው ብለዋል፣ አምናቸዋለሁ። አብሬያት እንድሄድ በአውሮፕላኑ ላይ ቦታ አልነበረም። ኤፕሪል 19 ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ታብሌት በእናቴ ፊት ለፊት ያዘችልኝ። ቱቦ ስለነበራት መናገር አትችልም። ያማት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አፍንጫዋን ሸበሸበች። ዋሽታኛለች። ትሰማኝ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት አልቆየችም።

ስለዚህ የዚህን መሣሪያ ጥንካሬ አላውቅም እንዳይሉኝ። የእናቴን የመጨረሻ «አዎ» ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያመጣልኝ እሱ ነው። አስራ ስምንቱን የጣለውም እሱ ነው። ልዩነቱ አንዲት ቁልፍ ነበረች፣ የነካኋትም እኔ ነኝ።

በቀብሯ ሳምንት ከኮሌጃችሁ ኮምፒዩተር «ውድ ኡሉቲ፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ በመኸር እንደገና ተመዝገቢ» የሚል መልእክት ደረሳት። ይህን ያነሳሁት ለወቀሳ አይደለም፤ ማሽን ነው። ሆኖም ያነበብኩት እኔ ነኝ።

8. የፈተና ኮምፒዩተሩ ምስል ወደ እናንተ ባይልክም ካሜራው የሚያየውን በራሱ ውስጥ ይቀርጻል፤ መስመር ሲሻል ቀስ በቀስ ይልከዋል። የእናቴ ምስል ማርች 7 ቀን ተሟልቶ እንደደረሳችሁ የሚገልጽ ማረጋገጫ በጆአሲ እጅ ይገኛል። ምስሉ እናንተ ዘንድ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ቢያየው አስራ አንድ ደቂቃ ነው።

ይህንኑ ኤፕሪል 30 ቀን ጽፌ ጠይቄ ነበር። ሜይ 9 ቀን ከቢሮዎ የደረሰኝ መልስ ሐዘናችሁን ከገለጸ በኋላ፣ የተቀረጸ ምስል የሚታየው የማጭበርበር ወይም የደንብ ጥሰት ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ እንደሆነና የቤተሰብ ጥያቄ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ያስረዳል። ይኸውም ሌባ ለመያዝ ያስቀመጣችሁት ምስል መልስ ለማየት አይከፈትም ማለት ነው። ደንቡን አነበብኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትክክል ናችሁ፣ እንዲህ ይላል።

9. ስለዚህ በደንቡ መሠረት እናገራለሁ። አንቀጽ 14 በፈተና ሰዓት ተፈታኙ ሌላ ሰው ማየቱ ወይም ከሌላ ሰው ምልክት መቀበሉ ከተጠቆመ፣ ሦስት አባላት ያሉት ጉባኤ ምስሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰከንድ እንዲመለከት ያስገድዳል።

እኔ ሳይላ ኑታራቅ ማርች 5 ቀን በመማሪያ ማዕከሉ በር መስታወት በኩል ተፈታኟን ስመለከት ነበር። ወንበሯ ላይ ትታየኝ ነበር፣ እኔም እታያት ነበር። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጥያቄ ላይ ዓይናችን ተገናኘ። አውራ ጣቴን አነሳሁላት። ፈገግ አለች። ይህ በደንባችሁ ጥሰት ነው፤ እናቴን በተፈታኝነቷ፣ ራሴን በተባባሪነቴ አመለክታለሁ።

ለምን እንዳነሳሁላት ልናገር። ቅንድቧ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ እንደገና ከፍ ሲል አየሁ። አንድ ጊዜም አፍንጫዋን ሸበሸበች፤ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ ዛሬ መገመት እችላለሁ። አንዱንም አላለፈችም። እየመለሰች ነው ብዬ ደስ አለኝ። ካሜራው መዘጋቱን በዚህ ዓለም ላይ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እዚያ መስታወት ላይ አፍንጫዬን አስደግፌ ቆሜ ረሳሁት። በሩን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይህ አቤቱታ አይጻፍም ነበር።

ይህን ጥቆማ በራሴ ላይ ሳቀርብ ዲፕሎማዬ ሊሰረዝ እንደሚችል አንቀጽ 16ን አንብቤ አውቄአለሁ። ይሰረዝ። ምስሉ ግን ይታይ።

10. በመሆኑም የሚከተለውን እጠይቃለሁ።

ሀ) ጉባኤው ከጁን 3 ቀን በፊት ተሰይሞ ምስሉን እንዲያይ፤ ከአባላቱ አንዱ ቅንድብ ማንበብ የሚችል ሰው እንዲሆን። ካትሪን ፈቃደኛ መሆኗን በስልክ ነግራኛለች።

ለ) ከደብዳቤያችሁ ጋር በተላከው የፈተና መዝገብ ላይ በአስራ ስምንቱ ጥያቄዎች ትይዩ የተጻፈው «መልስ የለም» የሚለው ቃል ተነስቶ የሰጠችው መልስ እንዲጻፍና እንዲታረም። ከሳተች ስታለች ይባል። ሁለተኛውን ክፍል ልትፈተን አትችልምና ዲፕሎማ ስጧት ብዬ ደንባችሁን አላስጥስም። ዝም አለች ግን አይባል።

ሐ) የታረመው ውጤት በጽሑፍ እንዲላክልኝ። በሩ ላይ ስሟን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለእሱ ፈቃድ አልጠይቅም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ የፈተናው መዝገብ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ተፈታኟ በቦታው መኖራቸው ተጠየቀ፤ መልስ የለም፤ መስመሩ ተዘጋ።» ሌላው ሁሉ ቢቀር እርስዎ ራስዎ ምስሉን እዚያ ሰከንድ ላይ ያቁሙት። ዶክተር ሃርግሬቭ «ወይዘሮ ኑታራቅ፣ እዚያ አሉ?» ብለው ጠይቀዋታል ማለት ነው። ጥያቄውን ከበሩ ውጭ ሆኜ አልሰማሁትም፤ መልሱን ግን አይቼዋለሁ። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አቀረበች። ሁለቱን ቅንድቦቿን ከፍ አደረገች። መስመሩ ከተዘጋም በኋላ፣ ምናልባት አላዩኝ ይሆናል ብላ ነው መሰለኝ፣ ሳታወርዳቸው ቆየች።

ምላሽዎን በጽሑፍ እየጠበቅኩ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሳይላ ኑታራቅ
የኡሉቲ ኑታራቅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለኑቩክ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ለአቶ ጆአሲ፣ የመማሪያ ማዕከል፣ ኑቩክ