ታንኳ ብቻ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፪

ወሰዱት፤ ሥራዬን ወሰዱት። ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል የታንኳ ጥልፌን በየክፍሉ ሊሰቅል ነው። ከባጃጅ እልል እያልሁ ወረድሁ።

የሆቴሉ ኃላፊ ግን ስንለያይ፣ «እትዬ፣ የእርስዎ እጅ ታንኳ ላይ ነው፤ ሌላ እንዳይሞክሩብን» አለችኝ። እሺ አልሁ። እስከዛሬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ቤት ገብቼ የጀመርሁትን የእናቴን ፊት ጥልፍ አነሣሁ። አገጯ እንደ ታንኳ ጫፍ ሾለብኝ። ፈትቼ እንደገና ብጠልፈውም ያው ሾለ። ልጄ አይታ፣ «እማዬ፣ አያቴ ወደ ዘጌ ሊቀዝፉ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ውሉን ገና ሳልፈርም እጄ ከታንኳ ሌላ እንቢ ካለ፣ ከፈረምሁ በኋላማ...

ለማንኛውም የእናቴንም ፊት እዚሁ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከታንኳዎቹ ጎን እሰቅለዋለሁ። አይቶ የሚለያት ሰው ይኖር እንደሆን እንጃ። ብቻ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ይምጣልኝ።