በፍል ውኃ የታጠቡ ጥቁር ቀሚሶች

ይድረስ ለእማማ፤ ባሌን ወልደው ለሰጡኝ፣ እሱ ሲለየን ደግሞ ራስዎን ላልነፈጉኝ።

እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎስ፣ ያ የማይለቅዎት ሳልስ? ዶሮዎችዎ እንቁላል መጣል ጀመሩ ወይስ አሁንም አኩርፈዋል? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ፤ ብቻዬን እየሳቅሁ የምሄድ ሰው ሆኛለሁ። እንግዲህ መነጽርዎን ያድርጉና መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡልኝ፤ ወሬዬ ረጅም ነው፣ አመሌን ያውቁታል።

ለሆስፒታላችን አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች መጡለት። አሮጌዎቹ ተነቅለው አዲሶቹ እስኪተከሉ እጥበት ክፍሉ አራት ቀን ይዘጋል ተባለ። እዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም! እኛ አምስቱ አጣቢዎች መግቢያው ጠፋን። አንሶላ የሌለበት ቀን ምን ይሠራበታል? ልብስ የምትተኩስልን ጓደኛዬ፣ ምላሷ እንደ እጇ ስለሚያቃጥል «ካውያ» የምንላት፣ «ሴቶች! ዕድሜ ልካችንን ለሰው አልጋ ስናነጥፍ ኖርን፤ እስቲ አንድ ቀን እኛ ደግሞ መሬት ላይ እንተኛ» አለች። በረሃው ውስጥ ሐይቆችና ፍል ውኃ እንዳሉ የነገረን የሆስፒታሉ ሾፌር ነው፤ አሮጌዋን ሚኒባስም እሱ አስፈቀደ። ድንኳን ከመጋዘን ተዋስን፤ ያ ለክትባት ዘመቻ የሚተከለው፣ ሆዱ ላይ ትልቅ ማኅተም ያለበት። የቦይለሩ ሠራተኛም «እናንተ ከሌላችሁ እኔ ለማን ነው ውኃ የማፈላው?» ብሎ ተሳፈረ። ሲስቅ በአፍንጫው ፊሽ ስለሚል «እንፋሎት» ነው የምንለው። ዝምተኛ ነው። ስለ እሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

እማማ፣ አገሩን ቢያዩት! ግማሽ ቀን ሙሉ ጥቁር ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው። «ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው የሚወስደን?» ስንባባል ድንገት መሬቱ ቁልቁል ወረደና ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተው አገኘናቸው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የሕፃን ድድ የመሰለ። ዳር ዳራቸው ነጭ ነው፣ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ከበላያቸው ካለው አለት ሥር ፍል ውኃው እየተንተከተከ ይወጣል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ካውያ ግን ደርዘን እንቁላል በካልሲ ማጠቢያ መረባችን ከትታ ነከረችና ቀቅላ አወጣች፤ ቆመን በላን።

ድንኳኑን ስንተክል ያደረግነውን ብነግርዎት ይስቁብኛል። ካስማ መምታት የሚባለውን ማን አስቦት! እጃችን የለመደውን ነዋ የሚሠራው፤ ጠርዙን እንደ አልጋ ልብስ አጣጥፈን ከድንጋዩ ሥር ወተፍነው። ነፋሱ መጣና አንዴ እፍ ቢለው ያ ማኅተም ያለበት ሆድ በሰማይ ላይ ሄደ። ሾፌሩ «የመንግሥት ንብረት! የመንግሥት ንብረት!» እያለ በእግሩ ተከተለው።

ይሄ እንኳ ምንም አይደል። ዋናው ጥፋት በማግስቱ ነው። ሌላ ሰው እንደዚያ ያለ ፍል ውኃ ቢያገኝ እግሩን ይነክራል፣ ገላውን ይታጠባል። እኛ አምስታችን ተያየን። ያ ሁሉ የፈላ ውኃ፣ ያለ ቦይለር፣ ያለ ተራ፣ ያለ አለቃ፣ ዝም ብሎ ሲፈስ! አንጀታችን አልቻለም። የአቧራ ልብሳችንን ሁሉ ሰበሰብን፤ የሾፌሩን ሱሪ ሳይቀር አስወልቀን ዘፈዘፍነው። እኔም ሦስቱንም ጥቁር ቀሚሶቼን ከተትሁ፤ አንሶላ አገልድሜ፣ እየዘፈንሁ። ሳሙናው አረፋ እምቢ አለ። የአጣቢ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነው፤ አረፋ እምቢ ሲል እጅ ይሰበሰባል። እኛ ግን ሳሙና ጨመርን! ለማለቅለቂያ ደግሞ ወደ አረንጓዴው ሐይቅ ወረድን።

እንፋሎት ከእግር ጉዞው ሲመለስ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ። «ስንት ዓመት ነው ‹ውኃው ድንጋይ አለበት፣ ቧንቧውን ደፈነው› እያልሁ የጮህሁባችሁ? ይሄማ ድንጋዩ ራሱ ቀልጦ ነው!» አለን። እውነቱን ነው። ፀሐዩ ሲመታው ልብሱ ሁሉ እንደ ሳንቃ ደረቀ። የሾፌሩ ሱሪ ያለ ሾፌር ቆመ። ካውያ ሄዳ «ደህና ዋሉ ጌታዬ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብላ እጅ ነሳችው። ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ ተንከባለልን።

የእኔ ቀሚሶች ግን፣ እማማ፣ ጥቁርነታቸው የለም። ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰሉ። ባራግፋቸው፣ ብፈትጋቸው ወይ ፍንክች። የያዝነው ንጹሕ ውኃ ደግሞ ለመጠጥ እንኳ በልክ ነበር። ካውያ ከሻንጣዋ በቀቀኖች ያሉበት ቢጫ ቀሚስ አወጣችና «ወይ ይሄን፣ ወይ እንደ ሔዋን» አለችኝ። ለበስሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጥቁር በቀር ያልነካው ገላዬ ምን እንደተሰማው ልንገርዎት? መጀመሪያ አፈርሁ። ቀጥሎ ነፋሱ ገባኝ። ከዚያ በኋላማ ረሳሁት።

ጎህ ሲቀድ ማንም ሳይነሳ ፍል ውኃው ዳር ወረድሁ። እንፋሎት ቀድሞኛል፤ የቦይለሩን ቴርሞሜትር ከቤት ይዞ መጥቶ ኖሮ የምንጩን ሙቀት ይለካል! «ይሄን ማን ያፈላዋል ብዬ ቀንቼ ነው» አለኝ። እግሬን ለብ ያለው ጋ ነክሬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ኋላ ወደኔ ሳይዞር፣ ቴርሞሜትሩን እያየ፣ «ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ካንቺ ገንዳ ጋ ያለውን ቧንቧ ከሁሉ አስቀድሜ የማሞቀው ለአንሶላው ብዬ ይመስልሻል?» አለኝ። ቀጠለና ሊያገባኝ እንደሚፈልግ በግልጽ ነገረኝ።

«እናት አለችኝ» አልሁት።

«እናትሽ ሞታ የለም እንዴ?» አለ።

«የሞተችው የወለደችኝ ናት» አልሁት፤ ሁሉንም ነገርሁት። ልጅዎን የቀበርን ዕለት እጄን ይዘው «አንቺን ትቶልኛል፤ አንቺም እንዳትተዪኝ» እንዳሉኝ። «አልተውዎትም» እንዳልሁ። እማማ፣ ይሄን ለእርስዎም ነግሬዎት አላውቅም፤ ጥቁሩን እስከዛሬ ያላወለቅሁት ስለ ልጅዎ ብቻ አይደለም። እሱን ያወለቅሁ ቀን የእርስዎ ልጅነቴም አብሮ የሚወልቅ ይመስለኝ ነበር። ባል ሳገኝ እናት የማጣ ከሆነ ይቅርብኝ አልሁት። እንፋሎትን ባጣው ደግሞ… ይሄን እንኳ ልተወው።

እንፋሎት ቴርሞሜትሩን በሸሚዙ ጠራረገ። ተቀየመ ብዬ ሳስብ፣ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለዎት? «እናትሽ ደረጃ ይወጣሉ?» አለኝ። «እንዴት?» ስለው፣ «የእኔ ቤት ሁለት ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ አንዱ ግን ምድር ነው፣ በሩም ወደ ግቢው ይከፈታል። ፀሐይ ጠዋት ይገባዋል። ለሳል ጥሩ ነው» አለኝ። ሳልዎን የነገርሁት መቼ እንደሆነ እንኳ ትዝ አይለኝም።

«አስቀድሜ የምጽፍላቸው ሰው አሉ» አልሁት። «ጻፊላቸው፤ እኔ ስምንት ዓመት የጠበቅሁ ሰው ለፖስታ ቤት አልቸኩልም» ብሎ በአፍንጫው ፊሽ አለ።

ይኸው ጻፍሁ። እሺ ይበሉኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ የሚሰማዎትን ይጻፉልኝ። ቅር የሚልዎት ከሆነ ቅር አለኝ ይበሉኝ፤ ዘጠኝ ዓመት አብረን አልቅሰን አሁን መደባበቅ አይሆንልንም። ልጅዎን አልረሳሁትም፤ የሚረሳም አይደለም። ፎቶግራፉን ለእንፋሎት ሳሳየው ቆቡን አውልቆ ነው ያየው። ምን ቢጽፉልኝ፣ በወር በወሩ መምጣቴ አይቀርም፤ ያ የአፌ ቃል ነው።

አዲሶቹ ማሽኖች ተተክለዋል፤ ድምፃቸው እንደ ድመት ነው። ወሬ የምናወራበት ጫጫታ ስላጣን ሁላችንም በሹክሹክታ ነን፤ ካውያ ልትፈነዳ ነው።

ወገብዎን ጤና፣ ደጅዎን ሰላም ያድርግልዎ። ሳልዎን ነፋስ ይውሰደው። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሳላይዎት አያስመሸኝ።

የማትተውዎት ልጅዎ

ከፖስታው ላይ ያለው አድራሻ የእኔ እጅ ጽሑፍ ስላልሆነ እንዳይደነግጡ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው የጻፈው። «ስማቸው እንዳይጣመምብኝ» እያለ ሦስት ፖስታ አበላሽቷል።